ከጅቡቲ ያመጣሃት ሪል ዞረች

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ጤናህ እንዴት ነው? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ቨርጂኒያ ብርዱ ገብቷል። የድሬ ሙቀት ናፍቆኛል፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ በር ዘግቶ የሚተኛበት ሙቀት ሳይቀር።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ዓሣ ማጥመጃዋ ሪል፣ ስለ ክር መጠቅለያዋ ነው። ምድር ባቡር ስትሠራ ከጅቡቲ ያመጣሃት፣ እኛ ግቢ ውስጥ ጭርርር እያደረግን የምንጫወትባት። ስወጣ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቻት ነበር። 11 ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠች። ባለፈው ሳምንት ፈታኋት።

ጎኗ ላይ ያለውን ጽሑፍ ገና አሁን በደንብ አነበብኩት። ፔን ከሚባል ኩባንያ የወጣች ሴናተር ናት፣ ፊላዴልፊያ የተሠራች። ኩባንያውን በ1932 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ኦቶ ሄንዜ ከጀርመን የመጣ ስደተኛ ነበር። ይህን ሳውቅ ይበልጥ ወደድኳት።

ችግሯ ሦስት ነበር። ክር የሚለቀው ማንሻ ደርቋል። እጀታው ወደ ኋላም ይዞራል፣ መዞር አልነበረበትም። ፍሬኑ ደግሞ አንዴ ጨምድዶ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። የሪል ፍሬን ሥራው ጨርሶ ማቆም አይደለም። ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ክሩን እኩል እየሰጠ እንዲያደክመው ነው። ከጨመደደ ክሩ ይበጠሳል።

እንዳስተማርከኝ ነጭ ፎጣ አነጠፍኩ። የወጣውን ሁሉ በወጣበት ተራ ደረደርኩ። “ካቻቪቴው በቪቴው ልክ ካልሆነ አትንካው” ትለኝ አልነበር? ቤት ያሉት ሁሉ ሰፉብኝ። ልኩን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ቪቴዎቹ ዘይት ጠብ ተደርጎባቸው አደሩ። ጠዋት አንዱም ራሱ ሳይበላ ወጣ።

ስከፍታት ግራሶው እንደ ሰም ደርቋል። ነሐሱ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ወጥቷል። የባሕሩ ጨው ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት አልለቀቃትም። በነጭ ጋዝ አጥቤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። ማንሻው ወዲያው ተላቀቀ።

እጀታው ወደ ኋላ እንዳይዞር የምትይዝ ትንሽ ጥፍር አለች። የምትገፋት ሞላ ደክማ ኖሯል ጥፍሯ ጥርሱን የማትነክሰው። ሞላዋን በአዲስ ቀየርኳት። ሌሎች ሁለት ሞላዎች ደግሞ ውስጥ ተጨምቀው ተቀምጠዋል። ከላያቸው ያለው ብረት ሲነሳ እንደሚፈናጠሩ አላወቅኩም። አንዷ ተፈናጥራ ጠፋች። ግማሽ ቀን በባትሪ እየዳህኩ ፈልጌ ማታ ከፍሪጁ ሥር አገኘኋት። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር የምከፍተው እጄን ከነዕቃው ፌስታል ውስጥ ከትቼ ነው።

ደስ ያለኝ ግን ፍሬኑ ነው። አንተ ብታየው በጣም ትወደው ነበር። ያለው ትልቁ ማርሽ ሆድ ውስጥ ነው። ሮንዴላዎች እንደ እንጀራ ተነባብረዋል፣ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ብረት። ብረቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በቀዳዳው ቅርጽ መሀል ያለውን ቱቦ ይይዛል። ሌላው ጆሮ አለው፣ በጆሮው ማርሹን ይይዛል። ዓሣው ሲጎትት አንዱ ቆሞ ሌላው ይዞራል። መሀል ያለው ለስላሳው ሮንዴላ ነው የሚያዘው። እጀታው ሥር ያለችውን ኮከብ መሳይ ማጥበቂያ ስታጠብቅ ሁሉም ይጫናሉ። የባጃጅ ክላች በለው፣ ያው ነው።

ለስላሳዎቹ ዘይት ጠጥተው እንደ አሮጌ ቆዳ ጠጥረዋል። ብረቶቹን ዝገት ነክቷቸዋል። መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት አነጠፍኩና ብረቶቹን በክብ በክብ አሸኋቸው። መስታወት ጠፍጣፋ ስለሆነ እኩል ይበላቸዋል። ለስላሳዎቹን ስስ ግራሶ በተቀባ ካርቦን ፋይበር ቀየርኳቸው። ተራቸውን እንዳልስት ሦስት ጊዜ ከፎጣው ጋር አስተያየሁ።

አባዬ፣ አሮጌውን ክር ስፈታ መጨረሻው ላይ ምን እንዳገኘሁ ታውቃለህ? ክሩ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ጥቁር ናስትሮ ጠቅልለህበታል። ጫፉን በመቀስ አስተካክለህ፣ ወደ ውስጥ አጥፈህ። ያንተ እጅ መሆኑን ወዲያው አወቅኩ። አላነሳሁትም። አዲሱን ክር በላዩ ጠቀለልኩበት።

ከዚያ ለእናንተ ዕቃ በምልክበት ጊዜ ኪሎውን የምለካበትን የሻንጣ ሚዛን አወጣሁ። ክሩ 15 ኪሎ የሚችል ነው። ፍሬኑን በ5 ኪሎ እንዲለቅ አደረግኩት፣ የክሩን አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። ሚዛኑን ይዤ ወደ ኋላ ስሄድ ክሩ ሳይንገጫገጭ እኩል ወጣ። ጭርርር አለች። ያው የግቢያችን ድምፅ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። የእጀታው ጫፍ፣ በእጅ የሚያዘው፣ የሚዞርበት ፒን ተበልቶ ይንገዳገዳል። ሙሉ እጀታ እዚህ ይሸጣል፣ ግን መግዛት አልፈለግኩም። ዓይንህ ደህና ከሆነ አንተ በቶርኖ ብታወጣልኝ። ካልሆነም አንተ አጠገቡ ቆመህ ከወርክሾፕ ልጆች አንዱ ያውጣው። ነሐስ ይሁን። ስዕሉን ከነልኩ ከወረቀቱ ጀርባ አስፍሬልሃለሁ። ለጥር የሚመለስ ሰው ስላለ በሱ ላክልኝ።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ