ኪኒኑን በሰዓቱ ነው የዋጥኩት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ድብርት መድኃኒት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዷ ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። መድኃኒት ጀምረው የሚቁነጠነጡ ሰዎች «በአግባቡ ስለማይወስዱት ነው» ትላለች። ማንን ጠይቃችሁ ነው የጻፋችኋት? ደሴ መጥታችሁ እኔን ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር።

ፍሉኦክሰቲን የሚባለው የድብርት መድኃኒት በቀን 20 ሚሊ ግራም ታዘዘልኝ። አንድ ቀን አላጓደልኩም። በየማለዳው ከነውሃው የምትሰጠኝ እናቴ ነበረች። በሁለተኛው ሳምንት እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። ውስጤ «ተነስ፣ ተነስ» ይለኛል። አቦሉ ሳይቀዳ ተነስቼ ግቢውን እዞራለሁ። ሶላት ላይ ረግቶ መቀመጥ አቃተኝ። አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ «ወራጅ አለ» ብዬ ከሚኒባስ ወረድኩ። ሰው እያየኝ ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት። የሚያስታግሰኝ መራመድ ብቻ ነበር።

ጎረቤት «ጂን ነው» አለ። እናቴ ዱዓ አስደረገችልኝ። እነሱን አልወቅስም። የምወቅሰው «ጭንቀትህ ብሶብሃል» ብሎ መጠኑን ወደ 40 ያሳደገውን ባለሙያ ነው። ከዚያ በኋላማ ሌሊቱን ስዞር ይነጋ ጀመር።

ይሄ ነገር ስም አለው፤ አካቲዥያ ይባላል። መድኃኒቱ ሴሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ሲያበዛ፣ እንቅስቃሴን የሚገዛውን የሌላውን ኬሚካል የዶፓሚንን ሥራ ስለሚያዳክም ነው ተብሎ ይታሰባል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወይም መጠኑ ሲጨምር ነው። ለከባድ የአእምሮ ሕመም በሚሰጡት እንደ ሃሎፔሪዶል ባሉ መድኃኒቶች ይበልጥ የተለመደ ነው። በድብርት መድኃኒትም ግን ያጋጥማል። የእጅ መንቀጥቀጥና ጥርስ ማፋጨትም እንዲሁ። የእኔን የለየልኝ ሌላ ሐኪም ነው። መጠኑን ቀነሰ፤ ይህን መቁነጥነጥ የሚያስታግስ ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት ጨመረልኝ። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ፣ በደንብ እስኪለቀኝ ሳምንታት ፈጀ።

መድኃኒቱን ጣሉት አላልኩም። በራስ ማቋረጥ ሌላ ጣጣ አለው። እኔም እስከ ዛሬ እወስደዋለሁ። ግን እግሩ አላስቀምጥ ያለው ሰው ዘገባችሁን አንብቦ ለሐኪሙ ይናገራል? አፍሮ ይደብቃል እንጂ። ሲጠና ደግሞ ሰውን ሕይወቱን እስከማስጠላት ያደርሳል።

ዘገባውን የእህቴ ልጅ ለእናቴ አነበበላት። ማታ ቀስ ብላ ጠራችኝ። «ልጄ፣ ያኔ ምላስህ ሥር ትደብቀው ነበር እንዴ?» አለችኝ። በእጇ የሰጠችኝን፣ በዓይኗ ያየችውን ነው የምትጠይቀኝ።

ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሙልኝ። ለእሷ የማነብላት እርማት እፈልጋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ