ከመርፌው በፊት እጅ ይሠልጥን

ለሐረሪ ክልል ጤና ቢሮ
ሐረር

ጉዳዩ፦ ለጤና ባለሙያዎች የደረቅ መርፌ ሕክምና ሥልጠና እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ

በጁገል፣ በመኪና ግርግር መንገድ፣ ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ አጎንብሰው የሚውሉ ልብስ ሰፊዎች ወደምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ደጋግመው ይመጣሉ። በቅርቡ ያየኋቸው አንድ አባት ለራስ ምታት ብለው ለወራት ማስታገሻ ሲውጡ ቆይተዋል፤ በአንገታቸውና በትከሻቸው መካከል እንደ ገመድ የተወጠረውን ጡንቻ በጣቴ ስጫነው ግን «እሱ ነው! ይኸው ወደ ጆሮ ግንዴ ወጣ» አሉኝ።

ሲጫኑት ሕመሙን ወደ ሌላ ቦታ የሚልክ እንዲህ ያለ የተወጠረ የጡንቻ ነጥብ በሙያችን ትሪገር ፖይንት ይባላል። ደረቅ መርፌ ቀጭን መርፌን ያለ መድኃኒት እዚያው ነጥብ ላይ መውጋት ሲሆን፣ የቼክ ሐኪሙ ካሬል ሌዊት እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለ ነጥብ ላይ መድኃኒት በመርፌ ሲሰጥ የሚያሽለው መድኃኒቱ ሳይሆን መርፌው ራሱ ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል። እፎይታው ብዙ ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ ከአካል እንቅስቃሴና ከአቀማመጥ ማስተካከል ጋር ካልተጣመረ ብዙም አይዘልቅም።

የእኔ ስጋት ሌላ ነው። ከዚያ የትከሻ ጡንቻ ሥር የሳንባ ጫፍ አለ። ጡንቻውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጦ ከፍ ሳያደርግ፣ የመርፌውንም አቅጣጫ ከሳንባው ሳያርቅ የሚወጋ ሰው ሳንባ ሊበሳ ይችላል፤ የትንፋሽ ማጠሩም ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ሊመጣ ይችላል። አንድ የሙያ ባልደረባዬ በቪዲዮ ያየውን በታካሚ ላይ ሊሞክር ሲነሣ ለምኜ አስቁሜዋለሁ፤ ክፋት አልነበረውም፣ የሚያስተምረው አጥቶ ነው።

ስለዚህ ቢሮው እዚሁ ከተማችን ከሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ጋር በመሆን ሥልጠና እንዲያዘጋጅ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሁለት ቀን ዎርክሾፕና ሰርተፍኬት ብቻ ከሚሆን ባይጀመር እመርጣለሁ። ሠልጣኞቹ መጀመሪያ አናቶሚውን ይከልሱ፣ የተወጠረውን ጡንቻ እርስ በርሳቸው በጣት ፈልጎ ማግኘትን ይልመዱ፤ መርፌ የሚይዙት ከዚያ በኋላ፣ ልምድ ያለው አሠልጣኝ አጠገባቸው ቆሞ ይሁን። እያንዳንዱ መርፌ አንዴ ብቻ አገልግሎ ወደ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ ሣጥን) መግባቱን፣ የታካሚው ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቁንና ትንፋሽ ያጠረው ታካሚ ወዴት እንደሚላክ የሚገልጽ መመሪያም አብሮ ይውጣ።

ለዝግጅቱ ከሥራ ሰዓቴ ውጪ ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
በሐረር የሚሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ