በጥቁር ጭቃ ላይ ዋንጫው ይቅር፤ ልምምዱ ግን አይቋረጥ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰኔ ሲያልቅ በየዩኒቨርሲቲው እግር ኳስ የሚጫወቱ ሴቶች ልጆች ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ለገጣፎ ወይም ሰንዳፋ ቤተሰብ ያላት ተጫዋች ሻንጣዋን ሳትፈታ የሰፈሩ ቡድን ይደውልላታል፤ የክረምት ዋንጫ ሊጀመር ነው፣ ምዝገባው ነገ ይዘጋል። እናት በበኩሏ «ዓመቱን ሙሉ ስትሮጥ ከርማለች፣ አሁን እንኳ ትረፍ» ትላለች። ልጅቷ የምትሰማው ቀድሞ የደወለውን ወይም ጠንከር ብሎ የተናገረውን ነው።

እኛ ሴት ተጫዋቾችን የምናሠለጥንና ሲጎዱም የምናግዝ ነን። ክረምቱን ሙሉ መተኛት ተጫዋቿን ይጎዳታል። የሐምሌና የነሐሴው የሰፈር ዋንጫ ደግሞ ከዚያ የባሰ ይጎዳታል። ስለዚህ ልምምዱ ይቀጥል፣ ግጥሚያው ይቅር እንላለን።

መጀመሪያ ሜዳውን እንይ። ከአዲስ አበባ ዳርቻ በደቡብና በምሥራቅ በኩል ያለው ሜዳ ባብዛኛው መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ውሃውንም ወደ ታች ቶሎ አያሳልፍም። ሐምሌና ነሐሴ ከዓመቱ ዝናብ ትልቁ ድርሻ የሚወርድባቸው ወራት ስለሆኑ ሜዳው የሚጠነክርበት ፋታ አያገኝም። የላዩ ስስ ጭቃ ያንሸራትታል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የከፋው ግን ከሥር ያለው ወፍራሙ ጭቃ ነው፣ ታኬታውን ይዞ አይለቅም። ተጫዋቿ ሮጣ በድንገት ስትታጠፍ አካሏ ይዞራል፣ እግሯ ተጣብቆ ይቀራል፣ መጠማዘዙም ጉልበቷ ላይ ያርፋል። ጭቃው በታኬታው ጥርሶች መካከል ከተጠቀጠቀ በኋላ ደግሞ ጥርሶቹ መሬት መያዝ ያቆማሉ፤ ጫማውም ይከብዳል። ይህን ስትጎትት የቆየች ልጅ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የጭኗ ጡንቻ ይዝላል፤ የዛለ ጡንቻ ጉልበትን አይጠብቅም።

ቡራዩና እንጦጦ ሥር ያለው ተዳፋት ቀይ አፈር የተሻለ ውሃ ያሳልፋል። የሱሉልታው ረባዳ መስክ ግን ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ስለሆነ ለግጥሚያ ባይታሰብ ይሻላል።

ስለ ጉልበት ስናወራ በተለይ የምንፈራው በጉልበት ውስጥ ተሻግሮ የሚያልፈውን የፊት ጅማት ነው። ተመሳሳይ ስፖርት ከሚጫወቱ ወንዶች ጋር ሲነጻጸር ሴቶች ይህ ጅማት የመበጠስ ዕድላቸው ከ2 እስከ 8 እጥፍ ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰውም ማንም ሳይነካቸው ነው፦ ዘለው ሲያርፉ፣ ፍጥነት ላይ ሆነው በድንገት ሲቆሙ፣ አቅጣጫ ሲቀይሩ። አንደኛው ምክንያት ሲያርፉ ጉልበታቸው ሳይታጠፍ ቀጥ ማለቱ ወይም ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። ሌላው የጭን ኋላ ጡንቻ ከፊተኛው ጋር ሲነጻጸር ደካማ መሆኑ ነው። ሁለቱም በልምምድ ይስተካከላሉ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ግን ግጥሚያ የሌለበት ጊዜ ነው። ጅማቱ ከተበጠሰና ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ ወደ ጨዋታ ለመመለስ ቢያንስ 9 ወር ይፈጃል። በነሐሴ የተጎዳች ልጅ የቀጣዩን የትምህርት ዓመት ውድድር ቁጭ ብላ ትመለከታለች ማለት ነው።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኮሌጆች ሶፍትቦል (አንዷ የወረወረችውን ኳስ ሌላዋ በዱላ የምትመታበት ጨዋታ) የሚጫወቱ ሴቶች የውድድር ዘመናቸው ከየካቲት ገደማ ጀምሮ በግንቦት መጨረሻ አካባቢ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ በሚደረገው ፍልሚያ ይቋጫል፤ ከዚያ በኋላ በዕረፍት ወራት ይጫወቱ ወይስ ይረፉ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። እዚያ የሚያሳስበው ትከሻ ነው። ኳሱን የምትወረውረው ልጅ ክንዷን ሙሉ አዙራ ከታች ወደ ላይ፣ 13 ሜትር ገደማ ወዳለው መቺ ትለቀዋለች፤ በዚያ ቅጽበት ትከሻዋን የሚጎትተው ኃይል የራሷን ክብደት ሊያህል ይደርሳል። አወራወሩ ከታች ስለሆነ አይጎዳም በሚል እምነት አንዷን ልጅ በተከታታይ ቀናት ያሰልፏታል። የእነሱ የዕረፍት ወራት ሞቃት ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ሜዳው ራሱ አያስቆማቸውም። እኛ ጋ ሜዳው እያስጠነቀቀ ነው የምንጫወተው።

አሁን ወደ ዕረፍቱ እንምጣ። ሙሉ በሙሉ ያቆመች ተጫዋች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ የደሟ መጠን መቀነስ ይጀምራል፤ አራት ሳምንት ሳይሞላ ሰውነቷ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከ4 እስከ 14 በመቶ ሊወርድ ይችላል። የጡንቻ ጥንካሬ ግን ሦስት አራት ሳምንት ያህል ሳይወርድ ይቆያል። ስለዚህ የሁለት ሳምንት ዕረፍት ብዙም አያሳጣትም፤ የሁለት ወር ተኩል ዕረፍት ግን ያሳጣታል። ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት በመጀመሪያው ሳምንት ባታቸውንና ጭናቸውን ይዘው የሚወጡት ባብዛኛው ክረምቱን ሙሉ የተኙት ናቸው። በአንጻሩ ያላትን አቅም ይዛ ለመቆየት የዓመቱን ያህል መሥራት አይጠበቅባትም፤ ፍጥነቱና ጫናው ካልተቀነሰ የልምምዱ ብዛት ወደ አንድ ሦስተኛ ቢወርድም አቅሟ ለሳምንታት አይወርድም።

የምንመክረው እንዲህ ነው። ከሐምሌ 1 እስከ 14 ኳስ የለም፣ ልምምድ የለም። በእግር መሄድና የቤት ሥራ ማገዝ ይበቃል። ዓመቱን ሙሉ በፋሻ እያሰረች የተጫወተችበት ቁርጭምጭሚት ካለ ሐኪም የምታሳይበት ጊዜ ይህ ነው።

ከሐምሌ 15 እስከ ነሐሴ አጋማሽ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነውና። መነሻው ፊፋ ለጉዳት መከላከያ ያዘጋጀው ባለ 15 እንቅስቃሴ ማሟሟቂያ ይሁን። 20 ደቂቃ ይፈጃል፦ 8 ደቂቃ ዝግ ያለ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የዝላይና ሚዛን የመጠበቅ ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ በትክክል የሠሩ ቡድኖች ጉዳታቸው በሲሶና ከዚያ በላይ ቀንሷል። እዚህ አካባቢ የሚታየው ስህተት የመጀመሪያውን 8 ደቂቃ ሮጦ መሀለኛውን መዝለል ነው። ጉልበትን የሚጠብቀው ደግሞ ያ መሀለኛው ነው።

ከውስጡ አንዱን እንዘርዝር፣ ብዙ ጊዜ ሲበላሽ ስለምናይ። ተጫዋቿ በታጠፈ ፎጣ ላይ ትንበረከካለች፤ ጓደኛዋ ከኋላ ሆና ቁርጭምጭሚቷን መሬት ላይ ትይዝላታለች። ከጉልበት እስከ ትከሻ ቀጥ ብላ፣ ወገቧን ሳትሰብር፣ በጣም በዝግታ ወደ ፊት ትወርዳለች፤ መያዝ ሲያቅታት በእጇ መሬቱን ትደገፋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ብቻ። ከዚያ ከ7 እስከ 10፣ በመጨረሻም ከ12 እስከ 15። በመጀመሪያው ቀን 10 የሠራች ልጅ ለሦስት ቀን ደረጃ መውረድ ያቅታታል፤ ሁለተኛ አልሠራም የሚሉትም እነዚህ ናቸው። በፍጥነት ከወረደችው ደግሞ ጡንቻው ሳይሠራ ያልፋል።

ሌላው ዘሎ ማረፍ ነው። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ደረጃ በሁለት እግር ወርዶ በለሰለሰ ጉልበት ማረፍ፣ ሦስት ሰከንድ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት፣ 8 ጊዜ በሁለት ዙር። ከፊት ለፊት በስልክ ይቀረጽ፤ ጉልበቱ ከሁለተኛው የእግር ጣት አቅጣጫ ወጥቶ ወደ ውስጥ ከገባ ከፍታው ይቀነስ። ለጥንካሬ ጂም አያስፈልግም። ኮንዶሚኒየም ያለች ልጅ ደረጃውን በአንድ እግር እየወጣች በዝግታ ትውረድ፣ በየእግሩ 8 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሲቀላት በየእጇ 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ትያዝ፤ 10 ኪሎ ማለት ነው። ክፍት የሆነው ደረጃ በዝናብ ስለሚርስ መጀመሪያ ይወልወል።

ሩጫው በሳምንት ሁለቴ ይበቃል፦ 4 ደቂቃ ጠንክሮ፣ 3 ደቂቃ እየተዝናኑ፣ አራት ዙር። ጠንክሮ ማለት ከጎኗ ካለች ልጅ ጋር ማውራት የማያስችል ፍጥነት ነው። ጠጠር የተነጠፈበት መንገድ ይመረጥ። ኮብልስቶን ሲረጥብ ቁርጭምጭሚት ይሰብራልና አይሞከር። ከሳምንት ወደ ሳምንት የሚጨመረው ከአንድ አሥረኛ አይብለጥ።

ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በዚሁ መሀል ይገባል። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ልጅ ጠዋት በባዶ ሆዷ አራቱን ዙር ሩጫ አትሩጥ፤ ሩጫው በሳምንት ወደ አንድ ይውረድ፣ የጥንካሬው ሥራ ከምግብ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ጣሪያ ሥር ይሁን። ክብደቷ 55 ኪሎ የሆነ ተጫዋች በቀን ከ66 እስከ 88 ግራም ፕሮቲን ትፈልጋለች። 200 ግራም የበሰለ ምስር ወደ 18 ግራም ይሰጣል፤ ስለዚህ አንዴ ሽሮ በልቶ ማደር አይበቃም። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ለውዝ እየተፈራረቁ ይግቡ። ሻይና ቡና ምግብ ውስጥ ያለውን ብረት እንዳይዋሃድ ስለሚያግዱ ከምግቡ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ይራቁ፤ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሎሚ ግን ያግዛሉ። የወር አበባዋ ለሦስት ወር የቀረባት ተጫዋች «ስፖርት ስለምሠራ ነው» ብላ ማለፍ የለባትም፤ ብዙ ጊዜ ከምታወጣው ጉልበት ያነሰ የመብላት ምልክት ስለሆነ ሐኪም ጋ ትሂድ።

ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ኳስ ይመለስ፣ ግን በትንሽ ሜዳ። አራት ለአራት፣ 4 ደቂቃ ጨዋታ፣ 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ አራት ዙር። በየሰፈሩ የተሠሩት ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ አነስተኛ ሜዳዎች ለዚህ ምቹ ናቸው። እዚያ ላይ የጭቃውን ረጅም ጥርስ ታኬታ ማድረግ ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ ሣሩ ውስጥ ገብቶ እግርን ይቆልፋል። ጥርሱ አጭርና ብዙ የሆነውን ጫማ ያድርጉ። ሙሉ ግጥሚያ ከመስከረም ወዲህ፣ በሳምንት አንድ፣ መጀመሪያ 45 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 60፣ ከዚያ 90።

«ክለቦች ተጫዋች የሚያዩት ክረምት ላይ ነው፤ ሜዳ ያልወጣች ትረሳለች» የሚለውን ክርክር እናውቀዋለን። እውነትነት አለው። ግን ችሎታ ያለውን ዓይን ለማሳመን አሥር ጨዋታ አያስፈልግም፤ ጭቃ ውስጥ ደግሞ የኳስ አያያዟም ሆነ ፍጥነቷ አይታይም። ክለብ የሚፈልጋት ከሆነ በነሐሴ መጨረሻ በተስተካከለ ሜዳ ሁለት ጨዋታ ትጫወት። በሳምንት ሦስት ግጥሚያ የሚያደርግ ዋንጫ ግን ተጫዋች ማሳያ ሊሆን አይችልም፤ ከአንድ ጨዋታ ለማገገም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ያስፈልጋልና። ከመመዝገቧ በፊትም አንድ ጥያቄ ትጠይቅ፦ ብጎዳ የሚያሳክመኝ ማን ነው? መልሱ «እግዜር ይጠብቅሽ» ከሆነ አትፈርም።

እንዲያም ሆኖ ውድድር እናዘጋጃለን ለሚሉ ጥቂት ነገር እንጠይቃለን። ዳኛው ሜዳውን ከጨዋታው በፊት ይርገጠው፤ ተረከዙ ከገባ ወይም ኳሱ ሲጣል ሳይነጥር ከቀረ ጨዋታው ይተላለፍ። በየዕረፍቱ ታኬታ የሚፋቅበት እንጨትና የውሃ ባልዲ ይዘጋጅ። መብረቅ ታይቶ ነጎድጓዱ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከተሰማ ጨዋታው ወዲያው ይቁም፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይጀመር። ዛፍ ሥርና ግድግዳ የሌለው ዳስ ሥር መጠለል መጠለል አይባልም፤ ቤት ውስጥ ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ ይግቡ። ግጥሚያውም ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ አይሁን፤ ዝናብና ጨለማ ሴት ልጆቹን መንገድ ላይ ያገኛቸዋል።

ለወጌሾችም አንድ ቃል። ጉልበቷ «ቋ» ብሎ የተሰማት፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ያበጠባት ልጅ ጅማቷ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። አይታሽ፣ አይጎተት፣ «ተነሺና ሞክሪው» አይባል። እግሯን ሳታስረግጡ አውጧት፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አድርጉላት፣ በፋሻ ጠቅልሉት፣ እግሯን ከፍ አድርጉና የአጥንት ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ላኳት። እብጠቱ በሳምንት ውስጥ ቢጠፋና ያለ ሕመም ብትራመድ እንኳ ሳትመረመር ሜዳ አትመልሷት፤ ጅማቱ የተበጠሰ ጉልበት ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይሄዳል፣ የሚከዳው መታጠፊያው ላይ ነው።

የሴቶች እግር ኳስ አሠልጣኞችና ወጌሾች
ከቱሉ ዲምቱ