አባዬ፣ ጣዖቶቹን አገኘኋቸው

ውድ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማዬስ፣ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? እኔ፣ አንተ ሁሌ በደብዳቤህ እንደምትለው፣ «ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ»።

ይህንን በስልክ ልነግርህ ነበር። ግን ገና ወሬ ስጀምር «እሺ፣ እሺ፣ ካርድ እንዳይቆጥርብሽ» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ዋትስአፕ ካርድ አይቆጥርም ብልህም አትሰማም። ስለዚህ ጻፍኩልህ። መነጽርህን አድርግና ቀስ ብለህ አንብበው።

ቤቱን ለገዢው ለማስረከብ ቤዝመንቱን እያጸዳን ነው። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። መምጣቱን ይመጣል፣ ግማሹን ሰዓት ግን ስልኩ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ከውሃ ማሞቂያው ኋላ፣ እማዬ የተበላሸ ምጣዷን ካስቀመጠችበት ካርቶን ሥር፣ በፕላስተር የታሸገ ሳጥን አገኘሁ። ላዩ ላይ በአንተ የእጅ ጽሑፍ፣ በትልቁ፣ «ካሂኪ። አይጣልም» ይላል። ካሂኪ፣ ያ ትሠራበት የነበረው የደሴት ምግብ ቤት።

አባዬ፣ ጣዖቶቹን አገኘኋቸው!

ፊት የተቀረጸባቸው የመጠጥ ኩባያዎች፣ ሰባት ናቸው። እያንዳንዳቸው በጋዜጣ ተጠቅልለዋል፤ ጋዜጣው በፈረንጅ አቆጣጠር የ2000 የኮሎምበስ ዲስፓች ነው። የመጀመሪያውን ስፈታ ያ ቡናማው ወጣ። ዓይኑ የተጨፈነው፣ ጥርሱን ያገጠጠው፣ ጆሮው እስከ አገጩ የረዘመው። ጠርዙ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ስንጥቅ አለችው። ያቺ ስንጥቅ ናት ወደ ቤታችን ያመጣችው፤ ጠርዙ የተነካ ኩባያ ለደንበኛ ስለማይቀርብ ይጣል ነበር፣ አንተ ደግሞ አስፈቅደህ በኮትህ ኪስ ይዘህ ትመጣለህ። ውስጡን ሳየው ታችኛው ክፍል በእርሳስ ጠቁሯል። የወንድሜ የእርሳስ ማስቀመጫ ነበር። ሌላኛውን አሸተትኩት። ልታምነኝ ትችላለህ? ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ አብሽ አብሽ ይላል።

እማዬ መጀመሪያ ያየቻቸው ቀን ትዝ ይለኛል። አማተበችና «ይህን ጣዖት ከቤቴ አውጣልኝ» አለችህ። አንተ ሳትስቅ «ጣዖት አይደለም፣ የቤት ኪራይ ነው» አልካት። በመጨረሻ ተስማማችሁ፤ ኩባያዎቹ ቡፌው ላይ ይቀመጣሉ፣ ግን ከሥላሴ ሥዕል ፊት ለፊት ስለሆኑ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ይዞራል። እንግዳ የሚያየው ጀርባቸውን ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ ጥፋት አጥፍተው የተቀጡ ይመስሉኝ ነበር።

ከኩባያዎቹ ሌላ የክብሪት ፓኬቶች አሉ። ጫፋቸው የተቀረጸ የመጠጥ ማማሰያ ፕላስቲኮች፣ ሁለት የሲጋራ መተርኮሻ፣ አንድ ትልቅ ሜኑ፣ አበባማው ሸሚዝህ፣ የተወሰኑ ፖስትካርዶች። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሳስቷል። ልጄ ለበሰችውና እስከ ጉልበቷ ደረሰላት። «አያቴ ሃዋይ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ላስረዳት ሞከርኩ። አላመነችኝም፤ እኔም ስናገረው ውሸት ውሸት አለኝ። ክረምቱ በረዶ በሆነበት ኦሃዮ፣ ኢስት ብሮድ ጎዳና ላይ፣ የጦር ጀልባ የመሰለ ትልቅ ሕንፃ። በሩ ላይ ሁለት ግዙፍ ፊቶች፣ ከአናታቸው እሳት የሚነድ። ውስጡ ከ500 ሰው በላይ የሚይዝ መንደር፦ የሣር ጎጆዎች፣ ዘንባባ፣ በአንዱ ወገን የዓሣ ገንዳዎች፣ በሌላው ወገን ደን የሚያሳይ መስኮት። ደኑ ላይ በየጊዜው መብረቅ ይበርቃል፣ ነጎድጓድ ያጓራል፣ ዝናብ ይወርዳል። በስተመጨረሻ ያ ዓይኑ እንደ ፍም የሚቀላው ግዙፍ ራስ፣ አፉ ምድጃ የሆነው። አንተ የምትወደው ዝናቡን ነበር። «የማያበሰብስ ክረምት» ትለው ነበር።

ደግሞ ያ የሚስጥር መጠጥ። ላራት ሰው በአንድ ትልቅ ሳህን የሚቀርበው። ጎንጉ ይመታል፣ ሰው ሁሉ ዞር ይላል፣ ልጅቷ የሚጨስ ሳህን ይዛ እየደነሰች ትመጣለች፣ ለደንበኛው የአበባ ጉንጉን ታጠልቅለታለች። አንተ ቤት መጥተህ በእማዬ የእንጀራ ሰፌድ ስታሳየን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። እማዬ ብቻ «ሰፌዴን አስቀምጥ» ትላለች።

ባስቦይ ነበርክ። ሰሃን ታነሳለህ፣ ውሃ ትቀዳለህ፣ ጠረጴዛ ትወለውላለህ። ሰው ግን ሸሚዝህን አይቶ የደሴት ሰው ያደርግህ ነበር። «ከየትኛው ደሴት ነህ?» ሲሉህ «ከደቅ» ትላለህ። ውሸት የለበትም። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት ተወልደህ፣ በደንገል ታንኳ እየቀዘፍክ አድገህ ምን ልትል ኖሯል? እነሱም «ኦ፣ ደቅ! በጣም ያምራል ይባላል» ይላሉ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳወራኸው አልቆጥርም። ሁሌም «ይባላል» የምትለዋ ላይ ስትደርስ እንባህ እስኪመጣ ትስቃለህ።

አሁን አንድ ያላወራነውን ነገር ላንሳ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የክፍሌ ልጅ ልደቷን ካሂኪ አከበረች፣ እናቷ ስድስታችንን ይዛን ሄደች። ቅዳሜ ማታ ነው። መኪና ውስጥ ሆኜ የምጸልየው የአንተ ሺፍት እንዳይሆን ነበር። ከዓሦቹ አጠገብ ተቀመጥን። ትንሽ ቆይቶ የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዞ የመጣው አንተ ነህ።

አየኸኝ። አየሁህ። የልጅቷ እናት ሸሚዝህን አየችና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችህ። አንተ እኔን አየት አደረግህ፤ «አባቴ ነው» የምልበት ጊዜ ሰጠኸኝ። እኔ ፊቴን ወደ ገንዳው አዞርኩ። አንዲት ቢጫ ዓሣ ነበረች፣ እሷን መከተል ጀመርኩ። «ከደቅ ደሴት ነኝ» ስትል ሰማሁ። የዚያን ቀን «ይባላል» ያለ ሰው አልነበረም። ውሃ ቀዳህልን፣ ለእኔም እንደሌሎቹ «ማም» ብለህ።

ጠዋት ቁርስ ላይ እንደምትቆጣ እርግጠኛ ነበርኩ። አንተ ግን እንቁላል ፍርፍሩን ወደ እኔ አስጠግተህ «ዓሦቹን ወደድሻቸው?» አልከኝ። በቃ። ሌላ ነገር አላልክም፣ እኔም «አዎ» ብዬ በላሁ።

ሳጥኑ ውስጥ የዓሣ ገንዳው ፖስትካርድ አለ። ጀርባውን ገልብጬ አየሁት። ምንም አልጻፍክበትም።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቤት ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። «ካሂኪ» በሃዋይ ቋንቋ ታሂቲ ማለት ነው፤ ሩቅ ያለ የባዕድ አገር ሁሉም ካሂኪ ይባላል። ባሕር ማዶ ማለት ነው አባዬ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባሕር ማዶ የሚባል ቤት ውስጥ ሰሃን ስታነሳ ማንም አልነገረህም፣ አይደል?

ሜኑውንም ተቀምጬ አነበብኩት። አንተ ያኔ «ልጄ፣ የቻይና ምግብ ነው፤ አናናስ ጨምረውበት ነው» ብለህ ነበር፣ እኔም ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ እውነትህን ነው። እንዲህ ያለውን የደሴት ምግብ ቤት የጀመሩት የደሴት ሰዎች አይደሉም። በ1930ዎቹ፣ የአሜሪካ የአልኮል ክልከላ እንደተነሳ፣ ዶን ቢች የሚባል ሰው ሆሊዉድ ላይ በቀርከሃና ሩም በሚባለው መጠጥ ቡና ቤት ከፈተ፤ ኦክላንድ ያለው ቪክተር በርጀሮን ደግሞ ተከተለና ትሬደር ቪክስ አለው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ስንቱ ወታደር ከፓስፊክ የዘንባባና የባሕር ዳርቻ ወሬ ይዞ ተመለሰ። በ1959 ሃዋይ ክፍለ ሀገር ሆነች። ካሂኪ በ1961 ሲከፈት ሰዉ ሁሉ በደሴት ፍቅር አብዶ ነበር። ምግቡ ግን በአብዛኛው የካንቶን ነው፤ አንተ ምላስህን ነው ያመንከው።

እኛስ ብንሆን? እዚህ ያሉ የአበሻ ምግብ ቤቶች ግድግዳቸው ላይ የሣር ክዳን ጎጆ ይሰቅላሉ፣ ያስተናገደችኝ ልጅ ደግሞ ጎጆ ያየችው እዚያው ነው። ልዩነቱ ጎጆው የራሳችን መሆኑ ነው። የራስ ያልሆነውን መስቀል ሌላ ነገር ነው። ይህ የገባኝ ለንደን ነው።

ለሥራ ሄጄ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባሁ። ከእነዚያ የካሂኪ በር ላይ ከነበሩት ፊቶች የአንዱን እውነተኛ ዘመድ አገኘሁት። ስሙ ሆአ ሃካናናይአ ነው፤ ከራፓ ኑይ፣ ፈረንጆች ኢስተር ደሴት ከሚሏት። ከእኔ በጣም ይረዝማል፣ ከጥቁር ድንጋይ የተጠረበ፣ ጀርባው ሁሉ ቅርጽ። የእንግሊዝ መርከብ የወሰደችው በፈረንጆቹ 1868 ነው። መቅደላም እኮ በ1868 ነው የተዘረፈችው! በዚያው ዓመት። የመቅደላ ታቦታትም እዚያው ሙዚየም ናቸው፣ ማንም እንዳያያቸው ተዘግቶባቸው። የራፓ ኑይ ሰዎችም «አያታችን ነው፣ መልሱልን» እያሉ ነው። ቆሜ ሳየው የእኛ የሲጋራ መተርኮሻ ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። የሰው አያት ራስ ላይ ሲጋራ ሲተረኮስ! እማዬ «ጣዖት» ስትል ቢያንስ የሆነ የሚፈራ ነገር መሆኑ ገብቷት ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ገለባ ሰክቶ ይጠጣበታል። መተርኮሻዎቹን ከሳጥኑ ያላወጣኋቸው ለዚህ ነው።

የካሂኪን አፈራረስ እንኳ አብረን አይተናል። በ1997 ቤቱ የአገሪቱ የታሪክ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ፣ ሰውም ከዚህ በኋላ አይነካም ብሎ አመነ። መዝገቡ ግን ባለቤቱ ልሽጥ ካለ አያስቆመውም። ባለቤቱ ማይክል ጻዎ ወደ ፍሪዘር ምግብ ሥራቸው ዞሩ፣ ቦታው ተሸጠ፣ በኦገስት 2000 ተዘጋ። አንተ አልፈረድክባቸውም። «ሰውዬው ልጆች አሏቸው» አልክ።

ኖቬምበር ላይ ማሽኑ ሲገባ መኪናውን ማዶ አቁመህ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ማሞቂያውን ለቀህ አየን። ጣራው ሲወርድ ወንድሜ «እዩት፣ እዩት!» ይላል። አንተ ለረጅም ጊዜ ዝም አልክ። ከዚያ ስለ ታንኳ አወራኸን። ደቅ ላይ ታንኳ ሲከርም ደንገሉ ውሃ ይጠጣና ይከብዳል። ያኔ ዳር ያወጡታል፣ ሌላ ያስራሉ። «ታንኳ አይለቀስለትም» አልክ። እኔ ግን መሪውን በሁለት እጅህ ጨብጠህ እንደነበር አይቻለሁ፣ መኪናው ቆሞ።

ቦታው ላይ ፋርማሲ ተሠራ። አንተም ወደ አገር እስክትመለስ የደም ግፊት ኪኒንህን ከዚያ ነበር የምትወስደው። «በፊት ያስከፍሉኝ የነበሩት በላብ ነው፣ አሁን በኢንሹራንስ» ትል ነበር። ሱፐርማርኬት ፍሪዘር ውስጥ የካሂኪን ኤግሮል ስታገኝ ደግሞ ፓኬቱን አገላብጠህ አይተህ ትመልሰዋለህ። አንድም ቀን አልገዛህም። ለምን እንደሆነ ጠይቄህ አላውቅም፤ አሁን ጠየቅኩህ፣ መልስልኝ።

ወንድሜ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ የኩባያዎቹን ዋጋ አይቷል። አንዱ ብቻ ያኔ በአንድ ሌሊት ከምታገኘው ቲፕ ይበልጣል። «እንሽጣቸው» አለ። የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፣ ማኅበር ያላቸው፣ የክብሪቱን ፓኬት ሳይቀር የሚፈልጉ። አልተቆጣሁትም። ግን አንተ «አይጣልም» ብለህ የጻፍክበትን ሳጥን መሸጥ ጣል ከማለት በምን ይለያል? ስለዚህ ሜኑውንና ፖስትካርዶቹን አልነካም። ሸሚዙን ልጄ ወስዳዋለች፣ ከእሷ ማስመለስ የአንተ ጉዳይ ነው። ከኩባያዎቹ ሁለቱን ወንድሜ ይውሰድ፤ የእርሳሱን ግን ራሱ ለመነኝ፣ መሸጥ ሲል የነበረው ሰውዬ!

ለአንተ የትኛውን ላምጣልህ? መንገዱ ሰላም ከሆነ ለጥምቀት ባሕር ዳር እመጣለሁ። ከመጣሁ ደግሞ ደቅ ይዘኸኝ ትሄዳለህ፣ ጀልባውን እኔ እከፍላለሁ። ማንም «ከየት ነሽ?» ቢለኝ ቶሎ እመልሳለሁ፤ «ይኼ አባቴ ነው» ብዬ ነው የምጀምረው።

ቡናማውን፣ ስንጥቅ ያለበትን፣ ለጊዜው እኔ ጋ አስቀርቼዋለሁ። ወጥ ቤት ቡፌዬ ላይ ነው፣ ማንኪያ ይይዝልኛል። እማዬ በቪዲዮ ስትደውል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረዋለሁ። ይህችን እንዳታነብላት።

ልጅህ፣
ከኮሎምበስ