አስታማሚዋን የጠየቃት ማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን በጤና ዓምዳችሁ፣ ሆስፒታል የተኙ ሕፃናትን በሚያስታምሙ እናቶች ላይ የተሠራ ጥናት አስነብባችሁን ነበር። እናቶቹ «በአገልግሎቱ ረክተናል» ብለዋል። ይበሉ። ግን ይህን ያሉት ለማን ነው?

ሥራዬ ለተመራማሪዎች የተቀዳ ቃለ መጠይቅ እየሰማሁ በጽሑፍ መገልበጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ኢርፎን ጆሮዬ ላይ ነው። የሰው ምስጢር ስለሆነ የምጠቅሰውን ማንም እንዳይለየው ቀያይሬዋለሁ።

አንዱ ቅጂ ላይ ጠያቂዋ ራሷ የዋርዱ ሲስተር ናት። ሕፃን ያለቅሳል፣ የአልጋ ጎማ ሲጥ ሲጥ ይላል። «መድኃኒት በሰዓቱ ይሰጣችኋል?» «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ምን ጎደለብን!» ማታ ልጁን መርፌ የምትወጋው ይህችው ሲስተር ናት፤ ታዲያ እናትየዋ ምን እንድትል ይጠበቃል? በመሃል ሲስተሯን ሰው ጠራትና ወጣች። መቅረጫው አልጠፋም። ከጎረቤት አልጋ አንዲት ሴት «ከውጭ ግዙ እየተባልን መሆኑን ለምን አልነገርሻትም?» አለቻት። «ተይኝ እባክሽ፣ ልጄ እጃቸው ላይ ነው።»

ይህ ቅጂ የገባበት ጥናት ሲወጣ አነበብኩት። «ምን ጎደለብን» የሚለው ተጽፏል። ሲስተሯ ግን የለችም። ጎረቤቷም የለችም። «ቃለ መጠይቁን ሥልጠና የወሰዱ ዳታ ሰብሳቢዎች አካሂደዋል» ይላል፤ በቃ።

ሌላ ቅጂ ላይ ደግሞ አስታማሚዋ ገና ሲጀመር «እኔ አክስቱ ነኝ፣ እናቱ ዓረብ አገር ናት» ትላለች። ለኦፕራሲዮን ፈርሚ ሲሏት መጀመሪያ ለእህቷ መደወል አለባት። ኔትወርክ እምቢ ሲላት፣ አሠሪዎቹ ስልክ ሲከለክሉባት፣ ሐኪሙ ሲቆጣት፣ ሁሉንም ትናገራለች። እኔ ከሰማኋቸው ሁሉ እንደሷ የከበደኝ የለም። ሪፖርቱ ላይ እሷም «እናት» ተብላ ተቆጥራለች።

ይህ የእኔ ብሶት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 አሊሰን ቶንግ የምትባል የአውስትራሊያ ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር፣ በቃለ መጠይቅ የተሠራ ጥናት ሲጻፍ ምን ምን መገለጽ እንዳለበት የሚዘረዝር «ኮሬክ» (COREQ) የሚባል መዘርዝር አውጥታለች። ሲድኒ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል የኩላሊት ምርምር ማዕከል ትሠራ ስለነበር የታመመ ልጅ ወላጆችን ነገር በቅርብ ታውቀዋለች። መዘርዝሩ 32 ነጥብ አለው። ጠያቂው ማን ነው? ሙያው ምንድን ነው? ከተጠያቂዋ ጋር ቀድሞ ይተዋወቃሉ? የት ተነጋገሩ? ሌላ ሰው አጠገባቸው ነበር? ስንት ሰው እምቢ አለ፣ ለምን? ብዙ መጽሔቶች ይህን ሞልታችሁ አያይዙ ይላሉ።

ይሞላል እንጂ! «ገጽ 4 ተመልከት» ተብሎ ይሞላል። ገጽ 4 ሲከፈት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እምቢ ያለ ሰው የለም ይላሉ። ልጇ ኦክስጅን ላይ ያለች ሴት እምቢ ማለት እንደምትችል ገብቷት ነበር ወይ? እሱ አይጻፍም። «አዲስ ሐሳብ መምጣቱን ስላቆመ ቃለ መጠይቁን አቆምን» የሚለውም አለ። ሐሳቡ ሁሌ 15 ወይም 20 ሰው ላይ ማለቁ ይገርመኛል። አበሉም እዚያው ላይ ሳያልቅ አይቀርም።

ሲስተር አትጠይቅ እያልኩ አይደለም። ዋርዱን የምታውቀው እሷ ናት፤ አንዳንዴም ሌላ ሰው የለም። መዘርዝር በደንብ ስለተሞላም ጥናቱ ጥሩ ሆነ ማለት አይደለም። ግን ጋውን የለበሰች ሲስተር አልጋው አጠገብ ቆማ ጠየቀች ተብሎ ከተጻፈ፣ «ረክተናል» የሚለውን አንባቢ ራሱ ይመዝነዋል። የቃላት ገደብ አለብን የሚሉኝ ተመራማሪዎች አሉ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የጠየቅኩት።

እናንተም እንዲህ ዓይነት ጥናት ስትዘግቡ ተመራማሪው ጋ ደውሉ። ማን ጠየቀ፣ የት፣ ማን እየሰማ? «እናቶች» ከማለታችሁ በፊትም ስንቶቹ አክስት፣ ስንቶቹ አያት እንደሆኑ ጠይቁልን። አላውቅም ካለ እሱንም ጻፉት።

ከሰላምታ ጋር
ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ ይሁን
ከአዲስ አበባ