የኬሚስትሪ ክበብ ዘገባ፦ ሮዝ ቀለም የሚያጠፋው ዱቄት

የደብረ ብርሃኑ ክበባችን ዘንድሮ ከጥያቄና መልስ ውድድሩ የተረፈውን ጊዜ ለአንድ ነጭ ዱቄት ሰጥቷል፤ ለቤታ ሳይክሎዴክስትሪን። 7 ግሉኮሶች ቀለበት ሠርተው የተያያዙበት፣ ቂጥ የሌለው ሲኒ የመሰለ ሞለኪውል ነው። ውጩ ውሃ ይወዳል፣ ውስጡ ግን ውሃን አይቀርብም። ውሃ አልሟሟ ያለው መድኃኒት ሲኒው ውስጥ ገብቶ አብሮ ይሟሟል።

ይህን በዓይን ለማየት 0.2 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ይሟሟል። ቤዝ ሲያገኝ ሮዝ የሚሆን አመልካች ከሆነው ከፊኖልፍታሊን፣ 1 በመቶ የሆነ ሙሙት 2 ጠብታ ሲገባበት ውሃው ሮዝ ይሆናል። 0.1 ግራም ዱቄት ተጨምሮ ሲማሰል ሮዙ ይጠፋል፤ ፊኖልፍታሊኑ ሲኒው ውስጥ ሲገባ ቅርጹን ለውጦ ቀለሙን ያጣልና። ቢከሩ ሲሞቅ ሮዙ ይመለሳል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይደበዝዛል፤ ሙቀት ሁለቱን ስለሚያላቅቅ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ቢፈላም ለዚህ ሥራ 70 ይበቃል።

የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። በካርቦኔቱ ፋንታ የዳቦ ቤኪንግ ሶዳ ከገባ ሮዙ እምብዛም አይታይም፤ ቤዝነቱ ደካማ ነው። በደረቅ መጥበሻ በደንብ ከተቆላ ግን ወደ ካርቦኔት ይለወጣል። የበረታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ ይባስ፦ ቀለሙን ብቻውን ያደበዝዘዋል፣ ተማሪው ግን ምስጋናውን ለዱቄቱ ይሰጣል። ስለዚህ በዱቄቱ ፋንታ ግሉኮስ የገባበት ማነጻጸሪያ ቢከር ግዴታ ነው። እሱ ሮዝ እንደሆነ ይቆያል፤ ግሉኮሱ አለ፣ ሲኒው የለም።

ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። በ25 ዲግሪ 1 ሊትር ውሃ የሚይዘው ቤታ 18.5 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ባለ 8 ግሉኮሱ ጋማ ግን 232 ግራም። የቤታ ሃይድሮክሲሎች (ውሃ ወዳድ የኦክስጅንና ሃይድሮጅን ጥንዶች) በሲኒው ከንፈር ላይ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ለውሃው ብዙም አይተርፉም። በፈላ ውሃ አብዝቶ የተሟሟ፣ በማግስቱ ጠዋት ነጭ ክሪስታል ሆኖ ታች ይገኛል። ያልተሻሻለ ቤታ በመርፌ የማይሰጠውም ኩላሊት ስለሚጎዳ ነው።

ከሳይክሎዴክስትሪን ጋር ከተያያዙ መድኃኒቶች ውስጥ ክበቡን ይበልጥ የሳበው ሱጋማዴክስ ነው፤ እዚህ መድኃኒቱ ሲኒው ራሱ ነው። ጋማ ላይ አሉታዊ ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) ያላቸው 8 ክንዶች ተቀጥለዋል። ሙሎቹ ስለሚገፋፉ ክንዶቹ ተከፋፍተው ይቆማሉ፣ ሲኒውም ይጠልቃል። በቀዶ ሕክምና ጡንቻ ለማዝለል የተሰጠውን ሮኩሮኒየም ደም ውስጥ አንድ ለአንድ ይውጠዋል፤ ጥንዱም በሽንት ይወጣል።

የተረፈው ዱቄት ክዳኑ በጠበቀ ጠርሙስ ተቀምጧል። እርጥበት ስለሚስብ፣ ተከፍቶ የከረመ ዱቄት ሲመዘን 0.1 ግራሙ ውስጥ ውሃ አለበት።