ያኔ የገዛነው ራም

ወዳጄ፣

ሰላምህ ይብዛ። እንዴት ከርመሃል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? ከተጻጻፍን ሁለት ዓመት አለፈን፤ ጥፋቱ የኔ ነው። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፣ ከዚያ ዝምታው ራሱ አሳፈረኝ። ዛሬ የምጽፍልህ ስለናፈቅኸኝ ነው። አንድ የምነግርህ ነገርም አለኝ።

ኮምፒውተሮቻችንን አብረን የገጣጠምንበት ሌሊት ትዝ ይልሃል? አንድ ዓይነት ራይዘን ፕሮሰሰር፣ አንድ ዓይነት ማዘርቦርድ፣ ለየራሳችን ሁለት ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ)። ማሸጊያው ላይ 3600 የሚል የፍጥነት ቁጥር ነበር። አንተ ረከስ ያለውን እንውሰድ ስትል፣ «የለም፣ ይሄኛው ይሻላል» ብዬ የሞገትኩህ እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የዊንዶውስን ታስክ ማኔጀር ከፍቼ ሜሞሪ የሚለውን ስነካው ፍጥነቱ ስንት ቢል ጥሩ ነው? 2133። ዓይኔን አላመንኩም። ይህን ሁሉ ጊዜ ባለ 3600 ራም ይዤ በ2133 ስሠራ ኖሬያለሁ። ባዮሱን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳውን የማዘርቦርዱን ፕሮግራም፣ ያኔ ማናችንም ስላልነካነው ያንተም እንደዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ራሙ አልተበላሸም፣ ማንም አላታለለንም። እያንዳንዱ ራም ላይ ስለራሱ የሚናገር መረጃ የያዘች ትንሽ ቺፕ አለች። ኮምፒውተሩ ሲበራ ባዮሱ እሷን አንብቦ ጄዴክ የተባለው የደረጃ አውጪዎች ድርጅት ያወጣውን መደበኛ ፍጥነት ይይዛል። የኛ ራም ላይ የተጻፈው መደበኛ ፍጥነት 2133 ነው፣ በ1.2 ቮልት። 3600 ግን ለብቻው ኤክስኤምፒ በሚባል ፕሮፋይል ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚጠይቀውም 1.35 ቮልት ነው። እኛ ካላዘዝነው ባዮሱ በራሱ አያበራውም። ምክንያቱም ለኛ ፕሮሰሰር በይፋ የተፈቀደው እስከ 3200 ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው እንደ ኦቨርክሎክ፣ ማለትም ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ እንደ ማሠራት፣ ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚሠራበት፣ እኔም የማምንበት ነው፤ ግን ፈቃድህን ይፈልጋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን ስታበራ ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግመህ ተጫንና ባዮስ ግባ። ኤክስኤምፒ ወይም ዲኦሲፒ የሚል ታገኛለህ፤ ስሙ እንደ ማዘርቦርዱ አምራች ይለያያል። ፕሮፋይል 1ን ምረጥ፣ ሴቭ አድርገህ ውጣ። ሁለት ሦስቴ ጠፍቶ ቢበራ አትደንግጥ። አዲሱን ፍጥነት እየለመደ ነው።

የኔ ግን በመጀመሪያው ሙከራ እምቢ አለ። ስክሪኑ ጨለመ፤ ፋኑ ይዞራል፣ ምንም የለም። ሶኬቱን ነቅዬ የማዘርቦርዷን ክብ ባትሪ አወጣሁና ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ መለስኳት፤ ባዮሱ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ከዚያ ነው ጥፋቱን ያየሁት። ያን ሌሊት ራሞቹን ከፕሮሰሰሩ ስንቆጥር 1ኛውና 3ኛው ስሎት (መሰኪያ) ላይ ነበር የሰካናቸው። በኛ ዓይነት ማዘርቦርድ ግን ቦታቸው 2ኛውና 4ኛው ነው። የሲግናሉ መስመር ለፕሮሰሰሩ በሚቀርበው ስሎት አልፎ እስከ ሩቁ ይሄዳል። የሩቁ ባዶ ሲሆን ሲግናሉ ጫፉ ላይ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል፣ ተከትሎት የሚመጣውንም ይረብሻል። በ2133 ይህ አይታወቅም፤ በ3600 ግን ኮምፒውተሩ አልነሳም ይላል። ነቅዬ ቦታቸውን ቀየርኩ፤ ማቀፊያው ቀጭ እስኪል በሁለት አውራ ጣቴ ተጫንኳቸው። ኤክስኤምፒን እንደገና አበራሁ፣ ተነሳ። 3600።

ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ፕሮግራም ካየኸው ግን ወደ 1800 ሜጋኸርዝ ገደማ ያሳይሃል። ያኔ አሁንም አልሠራም እንዳትል። ዲዲአር በአንድ ምት ሁለቴ ስለሚያስተላልፍ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው እጥፉ ነው።

ወዲያው ግን አላመንኩትም። ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭኜ ሌሊቱን ሙሉ አስፈተሽኩት። ጠዋት ስነሳ አራቱም ዙር አልቋል፣ ስህተት ዜሮ። አደራህን ይህችን አትዝለላት። ራም ሲሳሳት ሁልጊዜ ኮምፒውተሩን አያቆመውም፤ አንዳንዴ ፋይልህን ዝም ብሎ ያበላሽብሃል።

ልዩነቱስ? በሁለቱ ራሞች በሰከንድ የሚያልፈው ቢበዛ 34 ጊጋባይት ገደማ ነበር፤ አሁን እስከ 57.6 ይደርሳል። ኢንተርኔት ስታይ ወይም ደብዳቤ ስትጽፍ ምንም አይታይህም፤ አልዋሽህም። ትልልቅ ፋይል ስጨምቅ ግን ቶሎ ያልቃል። ጌም ላይ ደግሞ ድንገት ቀጥ የሚልበት ነገር ቀንሶልኛል፤ እኔን በጣም ያስደሰተኝ እሱ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በመጨረሻው ደብዳቤህ ሁለት ራም ልጨምር ነው ብለኸኝ ነበር። ጨምረህ ከሆነ አራቱም ስሎት ሞልቷል ማለት ነው፤ ፕሮሰሰሩ አራቱን በአንዴ በ3600 ማስኬድ ሊከብደው ይችላል። በዚያ ላይ በአንድ ማሸጊያ ያልመጡ ራሞች አብረው ላይስማሙ ይችላሉ፣ ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም። ፕሮፋይሉን አብራውና ፍጥነቱን ብቻ ወደ 3200 አውርደው። ከ2133 እሱ በብዙ ይሻላል። ቮልቴጁን እያሳደግክ ለማስገደድ አትሞክር።

ዛሬ ማታ ታስክ ማኔጀርን ክፈትና ቁጥሩን ጻፍልኝ። ካስቸገረህ ደውል፣ ስልኬ ያው ነው፤ እስኪነሳ ድረስ አብሬህ አመሻለሁ።

የሁልጊዜ ወዳጅህ